ውሃ የሆነው አምባር

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ቃል ተጋንና ከተገኘች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አሲድ ያልበገረው ይህ እጄ እንደ ሻማ ቀልጦ ይቅር። የምምለው የማያምነኝ ሰው ስላለ አይደለም፤ እኔን የማያምን ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ገጥሞኝም ከሆነ ፊት ለፊት አልነገረኝም። የምምለው ታሪኩ ከባድ ስለሆነ ነው፤ ከባድ ነገር መደገፊያ ይፈልጋል። ደግሞም ምስክር አለኝ። ሚስቴ በዚያ ቀን ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ ነበረች፤ የሽንኩርት ፌስታል አንጠልጥላ። እሷ እንደኔ አንደበተ ርቱዕ አይደለችም፤ በዓመት የምትናገረው ቃል ተሰብስቦ ቢታሰር አንድ የክብሪት ቀፎ አይሞላም። ስለዚህ አየሁ ካለች አየች ማለት ነው። ጠይቋት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ እታለም የምላት ታላቅ እህቴ የምትኖረው አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ከመርዘሙ የተነሳ ከታች ጎረምሳ ሆኖ የጀመረው ሰው ላይ ሲደርስ ጡረታ ይወጣል። ከርዝመቱ ደግሞ ጥበቱ ይብሳል። ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ካልቆመ ሌላው አያልፍም፤ ግድግዳው በኖራ የተቀባ ስለሆነ የተደገፈውን ሁሉ ከወገቡ እስከ ትከሻው ማኅተም መትቶ ይሸኘዋል። የሕንፃው ሰዎች ገበያ መሐል የሚተዋወቁት በነጭ ጀርባቸው ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ያለችው መታጠፊያ ላይ ስደርስ የእታለም ድምፅ በተከፈተው በር በኩል ወደ ታች ተንከባሎ መጣ።

«እኔ ሌባ ነሽ አላልኩሽም። አምባር ግን እግር የለውም። እዚህ ቤት ያለነው ሁለት ሴቶች ነን። አንዷ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የራሴን አልሰርቅም። የቀረውን አንቺ ጨርሺው።»

«እማማ፣ እኔ አልወሰድኩትም።»

«ባልሽ አስር ሰዓት ላይ በመኪናው ይደርሳል። ሻንጣሽን አሰናድተሽ ጠብቂው፤ ወደ እናትሽ ይመልስሽ።»

የምታናግረው ምራቷን ነው። የእታለም አንድ ልጅ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ከወሩ ሃያውን ቀን የሚያሳልፈው ጎማ ላይ ነው። ሚስቱ ከእናቱ ጋር ትኖራለች፤ ግማሹን ቀን ልብስ ንጽሕና ቤት ትተኩሳለች፣ ግማሹን ቀን እቤት ትተኩሳለች። ኮቴ የላትም። ቤት ውስጥ መኖሯ የሚታወቀው የታጠፈው አንሶላ ጠርዝ ከጠርዝ ሲገጥም ነው። አምባሩ የእናታችን የብር አምባር ነው፤ ልትሞት ሰሞን ከክንዷ አውልቃ ለእታለም ያጠለቀችላት። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ስድሳ ሁለት ግራም ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱ በመሣሪያ መዝነው ነው፣ እኔ ግን በእጄ።

ወሬውን ከመቀጠሌ በፊት ሥራዬን ለማያውቅ ላስረዳ። እኔ ብርን ከውሃ የማወጣ ሰው ነኝ። ብር ስል ማዕድኑን ነው እንጂ ኪስ የሚገባውን አይደለም፤ እሱን ከየትም የሚያወጣ ኬሚካል እስከ ዛሬ አልተገኘም። እኛ መሥሪያ ቤት ከየክሊኒኩ የራጅ ፊልም የታጠበበት ውሃ በጀሪካን ይመጣል። ሲያዩት የእቃ እጣቢ ነው፤ ሲያሸቱት ደግሞ ኮምጣጤ ውስጥ የሞተ እንቁላል። ነገር ግን ብሩ እዚያ ውስጥ አለ። ጨው ሆኖ ሟሟ እንጂ አልጠፋም፤ ስኳር ሻይ ውስጥ ሲገባ አይታይም እንጂ ሻዩን የቀመሰ ሰው የለም አይልም። እኛ ውሃው ውስጥ ርካሽ ብረት እንከትበታለን። ርካሹ ይሟሟና ወደ ውሃው ይገባል፣ ውዱ ከውሃው ይወጣል። አንዱ ካልገባ ሌላው አይወጣም፤ የሙያው ምስጢር ይችው ናት፤ ሌላው ቱቦና ባልዲ ነው። የሚወጣው ደግሞ የሚያብለጨልጭ ነገር እንዳይመስላችሁ። ግራጫ፣ የላመ ዱቄት ነው፤ አመድ ነው ብላችሁ ብትደፉት ማንም አይፈርድባችሁም። ከሥር ስለሚዘቅጥ ባልደረቦቼ እኔን «ዝቃጭ» ይሉኛል። በፍቅር ነው።

እውነት ልናገር ምያለሁና ይችንም አልደብቃትም፤ አምባሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አልሰረቅኩም። ከዚያች ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እታለምን ልጠይቅ ሄጄ እሷ ከምሳ በኋላ ጋደም ብላለች፤ መሳቢያው ተከፍቷል፤ አምባሩ ጠቁሮ እንደ አሮጌ የበር ቀለበት ተቀምጧል። እታለም ስልሳ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ውስጡ ያለውን መዳብ አስወጥቼ፣ ንጹሕ ብር አድርጌ፣ እንደገና አሠርቼ ባስደንቃትስ አልኩ። እኔ ካሰብኩ ደግሞ አላድርም። ለሌላ ጉዳይ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን አሲድ አወጣሁና በረንዳው ላይ፣ ከውሃ በርሜሉ ኋላ፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አምባሩን ከተትኩት። እኔ ቤት እንዳላደርገው ሚስቴ መጋረጃው ከተበሳ ወዲህ አሲድ ከደጃፍ እንዳያልፍ ከልክላለች። ቡናማ ጭስ ወጣ። ስትተኩስ የነበረችው ምራት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ምን እየተቃጠለ ነው?»

«ሳይንስ ነው። አምባሩን አዲስ አደርግላታለሁ። ድንገቴ ስጦታ ነው፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

«እሺ ጋሼ።»

ጭሱ ሲያልቅ አምባሩ የለም፤ በቦታው ሰማያዊ ውሃ አለ። ሰማያዊ ያደረገው ከብሩ ጋር የተደባለቀው መዳብ ነው። የቀረው የመዳብ ሽቦ መክተት ብቻ ነበር። ሽቦ አልያዝኩም። ነገ እመጣለሁ ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ነገ ስብሰባ ሆነ፣ ከነገ ወዲያ ጀሪካን ፈሰሰ፣ እንደኔ የሚፈለግ ሰው ጊዜ የለውም። በሦስተኛው ሳምንት እታለም መሳቢያዋን ከፈተች። ልጅቷም እሺ ብላለች፤ እሺ ያለችውን ደግሞ ጠበቀች።

እንግዲህ መታጠፊያው ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ሰማሁ። ከኋላዬ ሚስቴ ፌስታሉን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። ሌላ ወንድ ቢሆን ከዚያች ቦታ ይመለስ ነበር። የሚመለሱ ወንዶች አውቃለሁ፤ ወደ ላይ ቀና ብለው አይተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሌላ ቀን እንመጣለን ብለው የሚወርዱ። እኔ ግን የቀሩትን አሥራ አንድ ደረጃዎች በሦስት እርምጃ ጨረስኳቸው። የለበስኩት ኮት ጀርባ ላይ ዛሬም ያለው ኖራ የዚያን ቀን ነው፤ ወደ ላይ ስወረወር ግድግዳው ገጭቶኝ። ለማስረጃነት አላጠብኩትም።

የእታለም ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሎ ሁለት የሆነ። ከመጋረጃው ወዲህ የእሷ አልጋ፣ ወዲያ የልጇና የምራቷ። ማቀዝቀዣው ላይ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሰዓሊ እጅ የሠራው የሚመስል የተተኮሰ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ። መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው፤ እዚያም አንዲት ሴትዮ እኛን ታያለች። ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣዋ ዚፑ ስለተበላሸ በባሏ ቀበቶ ታስሯል። እታለም እኔን አየችኝ፣ ሚስቴን አየቻት፣ ፌስታሉን አየችው።

«ስንት ገባ?» አለች፤ ሽንኩርቱን ነው።

ሚስቴ ነገረቻት። ካለፈው ሳምንት በእጥፍ ጨምሯል። ሦስቱ ሴቶች ለአንድ አፍታ በሽንኩርቱ አንድ ሆኑ፤ እንዲህ ከቀጠለ ማልቀሻውም ሊወደድ ነው ተባለ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ዘመድ ከዘመድ ሲጣላ የሚፈጠረው ዝምታ ከሌላው ይለያል፤ ሁሉም የሚያየው ዕቃ ይመርጣል። እታለም ብልቃጡን፣ ልጅቷ ቀበቶውን፣ ሚስቴ የጫማዋን ጫፍ። እኔ መሐላቸው ቆምኩና በሙሉ ድምፄ፣ ምናልባት እስከ ጎዳናው በተሰማ ድምፅ፣ «አምባሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ!» አልኩ።

«አንተ ዝም በል» አለች እታለም። «እሷን ለማዳን ነው። አንተ ከልጅነትህም የማይመለከትህ ነገር ውስጥ ጥልቅ ማለት ትወዳለህ።»

«ከበርሜሉ ኋላ ጠርሙስ አለ። አምባሩ እዚያ ውስጥ ነው።»

ሄደች፤ ጠርሙሱን ይዛ ተመለሰች፤ ወደ ብርሃን አነሳችው። ከዚያች ሰማያዊ ውሃ በስተቀር አንድ ነገር የለበትም።

«ብር ውሃ ሆነ ትለኛለህ? ያረጀው ጉልበቴ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም፣ አንተ ወሬኛ። እስከ አስር ሰዓት አውጣውና አሳየኝ። ካላወጣኸው ሁለታችሁንም ነው የማወጣችሁ።»

ወደ መሥሪያ ቤት የደረስኩት በምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። ታክሲ ሰልፍ ነበረው፤ ሰልፉ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል፤ ስለዚህ ሮጥኩ። ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ ዐሥር የሚሉም አሉ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምንሠራ የማጣሪያ ክፍሉ ክፍት ነበር። ክፍሉ ዝቅ ያለ ጣሪያ አለው፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ በስተግራ ጀሪካኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፣ በስተቀኝ ዱቄቱ በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። በሩ አጠገብ፣ ነፋስ እንዳይነካው በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ሚዛኑ አለ፤ ከሚዛኑ ኋላ ደግሞ እኛ ራሷንም «ሚዛን» የምንላት ሴትዮ። የእኔ እኩያ ናት። ወደዚያ ክፍል የሚገባም የሚወጣም ነገር ሁሉ ያለ እሷ አያልፍም፤ ጠመኔ እንኳ ብትጠይቋት መዝና ነው የምትሰጣችሁ። ያን ቀንም አንድ ክንድ የመዳብ ሽቦ መዘነችልኝ፤ ለማጠቢያ ደግሞ ሁለት ጠርሙስ የተጣራ የባትሪ ውሃ። ታስታውሳለች ማለቴ አይደለም፤ በቀን መቶ ነገር የምትመዝን ሴት ሁሉን ብታስታውስ ታብዳለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሼ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አስወጣሁ። ወሬው ሕንፃውን አዳርሶ ስለነበር ሰዉ ተጠራቅሟል፤ አርባ ሰው፤ ሠላሳ ስምንት ብል ራሴን እንዳማሁ ይቆጠር። ከፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ መስኮቷን ከፍታ ክንዷን ትራስ ላይ አስደግፋ ተመቻችታለች። ሽቦውን ጠምዝዤ ወደ ሰማያዊው ውሃ ሰደድኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። አንዱ «ይኼ ሰውዬ ሽቦ ሊያጥብ ነው እንዴ ያስጠራን?» አለ። ከዚያ ሽቦው ጠቆረ። ከዚያ ሸበተ። ቃሉ ይኸው ነው፤ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ሸበተ። ከሽቦው ላይ ግራጫ ጸጉር በቀለ፣ ጸጉሩ ጢም ሆነ፣ ጢሙ ከብዶት እየተበጠሰ ወደ ሥር ይወርድ ጀመር። ውሃውም መዳቡ ሲገባበት ይበልጥ ሰማያዊ ሆነ። አርባ ሰው ትንፋሹን ያዘ። እኔ ስለ ሙያው አጭር ንግግር አደረግኩ፤ አንድ ሰዓት ያህል።

አለቀ ወይስ ይቀራል የሚለውን የምናውቅበት ዘዴ አለን። ከውሃው ጠብታ በማንኪያ ወስደን ጨው የተበጠበጠበት ውሃ እናንጠባጥብበታለን። ወተት ከመሰለ ብር ገና ውስጡ አለ ማለት ነው፤ ጥርት ብሎ ከቀረ የሚደበቅ የለም። መጀመሪያ ወተት ሆነ። ሽቦውን ነቅነቅ አድርጌ ጠበቅን። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም ጉም አለው። እታለም የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ልጅቷ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አጠበቀችው። ለሦስተኛ ጊዜ አንጠባጠብኩ። ጥርት አለ። ሰማያዊውን ውሃ አቅርሬ፣ የዘቀጠውን በባትሪ ውሃ አምስት ጊዜ አጥቤ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት። ለማድረቅ ጊዜ አልነበረም። ልጅቷ ሳትጠየቅ ተነሳች፣ ካውያውን ሰካች፣ ጨርቁን አጥፋ ከላይ ሌላ ጨርቅ ደርባ በቀስታ ተኮሰችው። እንዲህ ያለ የብር አደራረቅ በዓለም የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ሲገለጥ ግራጫ ዱቄት ነው።

«ይኼ አመድ ነው» አለች እታለም።

ማንኪያ ሰጠኋትና በጀርባው እንድታሸው ነገርኳት። አንድ ጊዜ ወደ ራሷ ሳበችው። ማንኪያው ባለፈበት መስመር ላይ፣ ክር የሚያህል፣ ነጭ ብርሃን ቀረ። እንደገና ሳበች። እንደገና። አመዱ መሐል የእናታችን አምባር ቀለም ተጋደመ። እታለም ማንኪያውን አስቀመጠች፤ ወደ መጋረጃው ወዲያ ሄደች፤ የሻንጣውን ቀበቶ ፈታችና ልብሶቹን አንድ በአንድ እያወጣች በቦታቸው መለሰቻቸው፤ ጠርዝ ከጠርዝ እያጋጠመች። ልጇ አስር ሰዓት ላይ ሲገባ እናቱ የሚስቱን ቀሚስ ስታጥፍ አገኛት። «ምን ተፈጠረ?» አለ። «ምንም» አለች እታለም፤ «ቀበቶህን ውሰድ።» አርባው ሰው አጨበጨበ። እኔን በትከሻቸው ሊያወርዱኝ ነበር፤ ደረጃው ስለሚጠብ ቀረ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ጥቂት ዝም እላለሁ። ሰው የሚለው ነገር ይኖረዋል።

ትናንትም በምሳ ሰዓት ማጣሪያ ክፍሉ ውስጥ እያወራሁ እዚህ ላይ ደርሼ ዝም አልኩ። ከቅዳሜዋ ሦስት ወር ሆኗታል፤ ታሪኩንም ከስምንት ጊዜ በላይ ነግሬያቸዋለሁ፤ በየጊዜው ይጣራል እንጂ አይጎድልም። ጀሪካን የሚያጥቡት አዛውንት ሳቁ፤ «አይ ዝቃጭ፣ አፍህ እንኳን አሲድ አልነካው» አሉኝ። ሚዛን ከመስታወት ሳጥኗ ኋላ ምሳ ዕቃዋን እየከደነች ነበር። የተለየው ነገር ሚስቴ መኖሯ ነው። እቤት የረሳሁትን መነጽር ልታቀብለኝ መጥታ የጨው ጆንያው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከየት ጀምሮ እንደሰማች አላውቅም። ሚዛን ወደ እሷ ዞረች።

«እትዬ፣ እንዲህ ነው የሆነው?»

ሚስቴ መነጽሬን ከቦርሳዋ አወጣች፤ በቀሚሷ ጫፍ አንዱን መስታወት ጠረገች፣ ከዚያ ሌላውን።

«ደረጃው ድረስ ልክ ነው» አለች።

አዛውንቱ ሳቃቸውን አላቋረጡትም ነበር፤ ያኔ አቋረጡት።

«ልጅቷ አስር ሰዓት አልጠበቀችም። እኛ መታጠፊያው ላይ እንደቆምን ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ አሳለፋት። ኖራው ያኔ ነው የነካው።» ድምፅዋን አላነሳችም፤ ዛሬ ሽንኩርት ስንት ገባ እንደሚል ሰው ነው የምታወራው። «ደህና አደርሽ አላት። ደህና አደሩ ጋሼ አለችው። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በአንድ እጇ ጠርሙስ ይዛ ነበር። ጠርሙሱን ለእኔ ሰጠችኝ። የጋሼ ነው፣ እንዳይደፋባቸው አለችኝ። ከዚያ እኛም ወረድን። ሽንኩርቱንም እቤታችን መልሰን ወሰድነው።»

«አምባሩስ?» አለች ሚዛን።

«አልጋችን ሥር ነው። ውሃ እንደሆነ አለ። ልጅቷም እናቷ ዘንድ ናት።» መነጽሩን አጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። «እኔም ሦስት ወር ዝም ብያለሁ። እሱን ብቻ አይደለም የማማው።»

ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ የቆመ ሰው ሁሉን ነገር አያይም ልል አፌን ከፈትኩ። ደረጃው ደግሞ ጨለማ ነው፤ ፌስታሉም ይከልላል። ብዙ የሚባል ነበር። ሚዛን ግን ተነስታ ወደ ጥቅሉ ሄደች፤ አንድ ክንድ የመዳብ ሽቦ ቆረጠች፤ ጠቅልላ ከመነጽሬ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ያን ቀን ያልወሰድከው ነው» አለችኝ።

ስንት ግራም እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አልመዘንኩትም» አለች።